የእሁድ ኳስና የሰኞ ጉልበት

እሁድ ጠዋት በየሠፈራችሁ ወዳለው ፓርክ ጎራ ብላችሁ ከሆነ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ወገኖቻችን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነው ኳስ ሲያሳድዱ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ወይም ፓርኪንግ ቤት ተቀምጦ የሰነበተ ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ጫማውን ይቀይራል፣ ሰውነቱን ሳያፍታታ በቀጥታ ሜዳ ይገባል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመ ወዲህ የለመድነው የጁላይ ውድድር ሲቃረብማ ተጫዋቹም ተመልካቹም ታኬታ ፍለጋ ቁም ሣጥን ይበረብራል። ስለ ጎሉ ሌሎች ይጽፋሉ፤ እኛ ዛሬ የምናነሣው የሰኞ ጠዋቱን ማነከስ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ጓደኛዬ ጉዳይ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ይህን ሲያነብ ራሱን ማወቁ አይቀርም። ዕድሜው አርባ አራት፣ ሥራው ታክሲ፣ ቦታው ግራ ክንፍ ነው። አንድ እሁድ ኳስ ለመድረስ ሲፈናጠር ከግራ ተረከዙ በላይ አንድ ሰው በጫማ የመታው መሰለውና ተቆጥቶ ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም። እያነከሰም ቢሆን መራመድ ስለቻለ ሁላችንም «ወለምታ ነው» አልነው። በማግስቱ እጃቸው ይፈውሳል የሚባሉ አንድ አባት ቅባት አሙቀው አሹት። የተጎዳው የግራ እግሩ ነውና መንዳት አላቃተውም፤ አምስት ሳምንት እንዲሁ ሠራ። ደረጃ መውጣት ሲሳነው ሐኪም ዘንድ ሄደ። የተረከዙ ጅማት ለሁለት ተበጥሶ ኖሯል።

«ከኋላ የመታኝ ሰው አለ» የሚለው ቃል የዚህ ጉዳት ዋነኛ ምልክት ነው። ሐኪሞች የሚያደርጉት ምርመራም ቀላል ነው። ሰውየው በሆዱ ተኝቶ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ባቱ ሲጨመቅ የጤነኛው እግር ጣቶች ወደ ታች ይሳባሉ፣ ጅማቱ የተበጠሰው ግን አይነቃነቅም። በጥቂት ቀን ውስጥ ከተደረሰበት አንዳንዱ ያለ ቀዶ ጥገና በልዩ ቡት ብቻ ይድናል። ሲዘገይ የተበጠሱት ጫፎች ይራራቃሉ፣ ሥራውም ይከብዳል። ይህ ጅማት ለታላላቆቹም አልራራ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ በ2000 ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ሲወስድ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል።

እውነተኛው ወለምታ ሌላ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከቁርጭምጭሚት ውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይቀደዳሉ። አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ ለመጠርጠር በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራል። በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሕመም ያለበት ሰው ወዲያው እንደተጎዳም ሆነ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የሁለቱ ጉብታ አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ ካመመው፣ ራጅ መነሣት አለበት። የእግሩ መዳፍ ውጫዊ ጠርዝ መካከል ላይ አጥንቱ ሲነካ ካመመም እንዲሁ።

በረዶን በተመለከተ ሐሳቡ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጌብ ሚርኪን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ምክር በመጽሐፋቸው አወጡ፤ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2010ዎቹ ራሳቸው ሚርኪን በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ገልጸው ሐሳባቸውን አስተካክለዋል። ዛሬ የሚመከረው ሕመሙን ለማስታገስ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ መያዝ፣ በሚለጠጥ ፋሻ ማሰር፣ እግሩን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ማንቀሳቀስ መጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል። እብጠቱ ሲጠፋ በአንድ እግር መቆምን መለማመድም አይረሳ፤ እሱ ሲቀር ነው ያው ቁርጭምጭሚት ደግሞ ደጋግሞ የሚታጠፈው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። ወጌሻ የአገራችን ባለሙያ ነው፤ ብዙ የወለቀ ትከሻ መልሷል፣ አላንኳስሰውም። ሆኖም ትኩስ ጉዳትን በኃይል ማሸት የደም መፍሰሱን ያባብሳል፤ በጣም የተመታ የጭን ጡንቻማ ሲታሽ በውስጡ አጥንት መሰል ነገር ሊያበቅል ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው አጥብቆ ማሰር ነው፤ ደም መመላለሻ አጥቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው በአገር ቤት ሆስፒታሎች የታወቀ ነገር ነው። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያውኑ ይፈታ።

ጉልበት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እግር መሬት እንደያዘ ሰውነት ሲዞር «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ካበጠ፣ የፊተኛው የውስጥ ጅማት መበጠስ ይጠረጠራል። እብጠቱ ይጠፋና ሰውየው ዳንሁ ይላል፤ ከዚያ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቀዶ ጥገና ለሁሉም ግዴታ አይደለም። ከተሠራ በኋላ ግን ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ወደ ኳስ የሚመለስ ሰው እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጉልበት መዘርጋት አቅቶት የሚቆለፍ ከሆነም ሜኒስከስ የሚባለው ትራስ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል።

በተፈጥሮ እያረጀ የሚመጣውን ቁርጥማት ብዙዎቻችን በዕድሜ እናሳብባለን። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ ጠዋት መነሣት ይከብዳል። ሰው ያመመኛል ብሎ መራመድ ሲያቆም የጭኑ ጡንቻ ይደክማል፣ ሸክሙም ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፤ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ በእግር መሄድ፣ መዋኘት። ከሰውነት አንድ ፓውንድ ሲቀንስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ፓውንድ ያህል ጫና ይወርዳል። አይቡፕሮፌንን ግን እንደ ከረሜላ አትውሰዱት፤ ደም ብዛት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሌሊት ላይ የእግር አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮህ ከሆነ የኳስ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠጥር የሚመጣ ነው፤ ቢራና ቀይ ሥጋ ያባብሱታል። ጥሬ ሥጋና ቢራ አብረው የሚቀርቡበትን ቅዳሜ ማታ አስታውሱ! መድኃኒት አለው፣ መሠቃየት አያስፈልግም። ትኩሳት ያለበት ሰው አንድ መገጣጠሚያው ብቻ ቢግልና ቢያብጥ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ረጅም ሰዓት የሚነዱ ወገኖችም አንድ ባታቸው ሳይመታ ካበጠና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ያድርጉ።

ለመከላከል ደግሞ ፊፋ ለአማተር ተጫዋቾች ያዘጋጀው የሃያ ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ። ሩጫ፣ የወገብና የጭን ማጠንከሪያ፣ ሚዛን መጠበቂያ ያለበት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በግልጽ ቀንሷል። የኛዎቹ ሃያውን ደቂቃ ቡድን በመከፋፈል ሲጨቃጨቁ ነው የሚጨርሱት።

ጓደኛዬ አምስት ሳምንት የቆየው ኢንሹራንስ ስላልነበረው ሂሳቡን ፈርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምር እንዳይመልስ ያስገድዳል። ሂሳቡ ኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ብዙ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚቀንሱበት ማመልከቻ ስላላቸው ጠይቁ። በየከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም እንደ ገቢ ያስከፍላሉ። አስተርጓሚ መጠየቅም አትፈሩ።

ቀዶ ጥገናው ተሠርቶለት ስምንት ወር ከኳስ ራቀ፤ ታክሲዋም ለብዙ ሳምንት ቆመች። ያሹት አባት ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡና የታሰረውን እግር እያዩ ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አጥንት መስሎኝ ነው» አሉት።