የሞዴል አውሮፕላን መስታወት ለምን ይበላሻል?

የአውሮፕላን ሞዴል የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ነው። ውስጡ መቀመጫ አለ፣ መሪ አለ፣ የመለኪያ ሰሌዳ አለ። ያንን ሁሉ የሚያሳየን ላዩ ላይ የተደፋው ብርሃን አሳላፊ ክዳን፣ ሞዴል ሠሪዎች ካኖፒ የሚሉት ክፍል ነው። የክንፍ መገጣጠሚያ ቢሳሳት በስቱኮ ይሞላል፣ ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል፤ ማንም አያውቅም። የካኖፒው መስታወት ግን ቀለም አይቀባም። ጭረቱም፣ የሙጫው ጠብታም፣ የጣት አሻራውም እንዳለ ይታያል። ወራት የተለፋበት ሞዴል በመጨረሻው ሰዓት በካኖፒው ሲበላሽ ብዙዎች የእጅ መንቀጥቀጥን ይወቅሳሉ። እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ፕላስቲኩ፣ ቴፑና ሙጫው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው ካለማወቅ ነው እላለሁ።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበረሩት ስፒትፋየር ካኖፒው የተሠራው ከአክሪሊክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገበያ ላይ የወጣው ይህ ፕላስቲክ በእንግሊዝ ፐርስፔክስ፣ በአሜሪካ ፕሌክሲግላስ በሚሉ የንግድ ስሞች ይታወቃል። ከመስታወት ይቀላል፤ ሲሞቅ ደግሞ እንደተፈለገ ይቀረጻል። ስለዚህ ፕላስቲክ ተነስቶ ሃሮልድ ሪድሊን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሪድሊ የዓይን ሐኪም ነበር። ካኖፒያቸው በጥይት ተመቶ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ የአክሪሊኩ ቁራጭ ዓይኑን ሳያስቆጣ እዚያው እንደሚቀመጥ አስተዋለ። በ1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከአክሪሊክ የተሠራ ሌንስ ለታካሚ ዓይን ውስጥ አስገባ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በሀገራችንም ጭምር፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ የትውልድ ሐረጉ ከተዋጊ አውሮፕላን ክዳን ይመዘዛል።

የሞዴሉ ክፍሎች ታሽገው በሚሸጡበት ኪት ውስጥ የሚመጣው ትንሹ ካኖፒ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። የሞዴሉ አካልም ከዚሁ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀላሉ እንዳይሰበር ብዙ ጊዜ ጎማ ይቀላቀልበታል። የጎማው ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃን ስለሚበትኑ ካኖፒው ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ካኖፒው ጥርት ያለ፣ ግን ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ተወጥሮ ነው የሚወጣው። የቀለጠው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ፣ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ዘና ለማለት ጊዜ ሳያገኙ እንደተገተሩ ይደርቃሉ።

ይህን ውጥረት ቤት ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። የኮምፒውተር ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፤ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ ጭንቅላታችሁን ዘንበል አድርጉ። ከዚያ ካኖፒውን በመነጽሩና በስክሪኑ መካከል ያዙት። ቀለም የለሽ የነበረው ፕላስቲክ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሽንትር ይለብሳል። ሽንትሮቹ የሚጣበቡት ውጥረቱ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የቀለጠው ፕላስቲክ በገባበት በር፣ ማለትም ካኖፒው ከያዘው የፕላስቲክ ዘንግ ጋር በተያያዘባት ነጥብ ዙሪያ ነው። ሠሪው ፒንሳውን የሚያሳርፈው ደግሞ እዚያችው ነጥብ ላይ ነው። ፒንሳ እንደ ሽብልቅ እየሰነጠቀ ስለሚቆርጥ ስንጥቁ ወደ መስታወቱ ይሮጣል። ዘንጉን ከካኖፒው ራቅ አድርጎ በቀጭን መጋዝ ቆርጦ፣ የቀረውን ቀስ በቀስ በሞረድ መጨረስ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ውፍረት ነው። በ1/72 መጠን የ1 ሚሊሜትር ውፍረት በእውነተኛው አውሮፕላን 7.2 ሴንቲሜትር ማለት ነው። እንዲህ የወፈረ ጠማማ ፕላስቲክ ከመስኮትነት ይልቅ ወደ ሌንስነት ያደላል፤ የውስጡን መቀመጫ ያጎብጠዋል። ፖሊስታይሪን ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉም ከፍ ያለ ነው፤ የአክሪሊክ 1.49 ሲሆን የእሱ 1.59 ነው። በዚህ የተነሳ በቀጥታ ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ 5 በመቶ ያህሉን በእያንዳንዱ ገጹ ይመልሳል። ጭረት ሲጨመርበት ይብሳል። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ጭረት ለዓይን የለም ማለት ይቻላል፣ የበለጠው ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል። ካኖፒን በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ እየላሙ በሚሄዱ ደረጃዎች፣ በመጨረሻም በማወልወያ ክሬም የምናሸው ጭረቱ ከብርሃኑ ሞገድ እስኪያንስ ነው።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ፤ ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ይምሉበታል። ካኖፒውን አክሪሊክ የወለል ማብረቂያ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ፣ ትርፉን በወረቀት ጠርዝ አስመጥጦ፣ አቧራ እንዳያርፍበት ሳህን ደፍቶበት ማሳደር ነው። ፈሳሹ ጥቃቅኑን ጭረት ይሞላል። የሚተወው ሽፋን ብርሃን የማጠፍ ኃይሉ ከአየር ይልቅ ለፖሊስታይሪን በጣም የቀረበ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ጭረቱን ሳያስተውለው ያልፋል። ካልተሳካም በአሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ ያለበትን የላቴክስ ፈሳሽ መሸፈኛ ከዚህ ሽፋን ላይ መቀባት የሌለብንም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ቴፑ እንምጣ። እውነተኛው ካኖፒ የብረት ፍሬም አለው፤ ሞዴሉ ላይ ፍሬሙ ቀለም ይቀባል፣ በመካከሉ ያለው መስታወት ይሸፈናል። ለመሸፈኛ የምንጠቀምበት ማስኪንግ ቴፕ የተወለደው ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ችግር ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ሆኖ ነበር። ቀቢዎቹ የሸፈኑበትን ወረቀት ሲያነሱ አዲሱ ቀለም አብሮ ይላጥ ነበር። የ3ኤም ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ድሩ ይህን አይቶ፣ በ1925 ይዞ የሚቆይ ግን ሳይጎዳ የሚላቀቅ የወረቀት ቴፕ አዘጋጀ። ዛሬ ለሞዴል የሚመረጠው የጃፓን ዋሺ ወረቀት የሚባለው ቀጭን ቢጫ ቴፕ ነው።

ይህ ቴፕ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ላይ ቀላል ነው፤ የዚህ አውሮፕላን ካኖፒ በአብዛኛው የጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ግጣም ነውና። የስፒትፋየሩ ጎበጥ ያለ ክዳን ላይ ግን ያው ቴፕ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ይነሳል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ታጥቆት በነበረው ኤፍ-86 ሴበር የአረፋ ቅርጽ ካኖፒ ላይም እንዲሁ ነው። ምክንያቱን ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1827 ባቀረበው ሥራ አስቀምጦታል። አንድ ገጽ ሳይለጠጥና ሳይጨመደድ ቢታጠፍ የራሱ የሆነ አንድ የጉብጠት ልክ ከቶ አይለወጥም። የጠፍጣፋ ወረቀት ልክ ዜሮ ነው፤ የቱቦም ዜሮ ነው። ወረቀት ብርጭቆ ላይ ሲጠቀለል ልክክ የሚለው፣ ብርቱካን ላይ ሲሆን ግን የሚጨማደደው በዚህ የተነሳ ነው። የዓለም ካርታ ሠሪዎችን ዘወትር የሚያስቸግራቸውም ይኸው ሕግ ነው።

ሕጉን መሻር ባይቻልም መሸንገል ይቻላል። ቴፑ በጎባጣ ገጽ ላይ እንዲተኛ የሚፈለግበት መለጠጥ ከስፋቱ ጋር በእጥፍ ድርብ ያድጋል፤ ስፋቱን በግማሽ ብንቀንሰው መለጠጡ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሽንትር የፍሬሙን ውስጠኛ ጠርዝ ተከትሎ ያለ ሽብሽብ ይዞራል። መሐሉን በሰፋፊ ቁርጥራጭ መሙላት ይበቃል፤ እዚያ ቢሸበሸብ ማንም አይጎዳም። የቪኒል ቴፕ ከዋሺው በተሻለ ይለጠጣል፤ ነገር ግን ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ ስለሚፈልግ በሰዓታት ውስጥ ጠርዙ ይነሳል። ለዚህ ነው በጎባጣ ካኖፒ ላይ ወረቀቱን የምመርጠው። ተቆርጠው የሚሸጡ ማስኮችም አሉ፤ የቼኩ ኤድዋርድ ኩባንያ በዚህ የታወቀ ነው። ጊዜ ይቆጥባሉ። ሆኖም ቴፑን በስቴኪኒ ጫፍ ፍሬሙ ላይ አሽቶ፣ ወጣ ያለው መስመር ጥርት ብሎ ሲታይ በአዲስ ምላጭ መከተል ከዚያ ካኖፒ ቅርጽ ጋር በትክክል የሚስማማ ጠርዝ ይሰጣል።

ከመቀባቱ በፊት ካኖፒው ሞዴሉ ላይ ይጣበቃል፤ እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ ትልቁ ጠላት ነው። በ1942 የኮዳክ ኬሚስት ሃሪ ኩቨር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ሱፐር ግሉ የሚሠራበት ሳያኖአክሪሌት ላይ ደረሰ። የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ ተወው፤ በ1951 ጥቅሙ ተስተዋለ፣ በ1958 በሙጫነት ለገበያ ቀረበ። ይህ ሙጫ ሳይደርቅ በፊት ተን ይወጣዋል። ተኑ በአየር ላይ ካለ እርጥበት ጋር ሲገናኝ እዚያው ይጠጥርና ነጭ ዱቄት ሆኖ በአቅራቢያው ባለ ገጽ ላይ ያርፋል። በተዘጋ ካኖፒ ውስጥ ተኑ መውጫ የለውም፤ ነጩ ጉም እጅ በማይደርስበት በውስጠኛው ገጽ ይጋገራል። የፖሊስ መርማሪዎች ከወንጀል ቦታ አሻራ የሚያወጡት በዚሁ ተን ነው፤ ጣት የተወው እርጥበትና ጨው ተኑን ይስባል። ካኖፒውን ከውስጥ በባዶ እጅ የነካ ሰው አሻራው በነጭ ተስሎ ሊያገኘው ይችላል። በወረንጦ መያዝ ይህን ያስቀራል።

የፕላስቲክ ሙጫ በበኩሉ ፖሊስታይሪንን የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው፤ በተወጠረው ካኖፒ ላይ ሲያርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያስነሳል። ለካኖፒ የሚበጀው አናጢዎች የሚያውቁት ነጭ ኮላ ነው። ኮላው ነጭ የሚመስለው በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ የፖሊመር ቅንጣቶች ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተዋህደው አንድ ጥርት ያለ ሽፋን ይሆናሉ። እንደ ሱፐር ግሉ ያለ ተን የለውም፣ ትርፉ በእርጥብ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ቀጭን ክፍተትንም ይሞላል።

ከዚያ ቀለም ይረጫል። በመጀመሪያ የውስጠኛው ክፍል ቀለም ይመጣል፤ ለስፒትፋየር ይህ ግራጫ አረንጓዴ ነው። በመስታወቱ በኩል ፍሬሙን ከውስጥ የሚያይ ዓይን የሚያገኘው ይህን ቀለም ነው። የውጪው ቀለም በላዩ ይቀጥላል። በቴፑ ጠርዝ ስር ያለ ቀጭን ክፍተት እርጥብ ቀለምን ራሱ ስቦ ያስገባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እርጭት ሊደርቅ የተቃረበ ስስ ጤዛ ይሁን። እሱ ሲደርቅ ክፍተቱን ይደፍነዋል።

ቴፑ ለወራት መቆየት የለበትም። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ጠጣር ስላልሆነ በጣም በዝግታ ይፈሳል፣ የገጹን ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል፣ ሲላቀቅ እዚያው ይቀራል። ቀለሙ ሲደርቅ የፍሬሙን ጠርዝ በምላጭ በስሱ ማስመር፣ የቴፑን ጥግ በስቴኪኒ ማንሳት፣ ከዚያ በራሱ ላይ እያጠፉ በዝግታ መሳብ ነው። ከስር ቀለም ሾልኮ ከተገኘ አሴቶንና ቲነር ማስነካት አይገባም፤ ፖሊስታይሪኑን ያሟሙታልና። ጫፉ የተቀረጸ ስቴኪኒ በውኃ ረጥቦ ቀለሙን ይገፋዋል፤ እንጨቱ ከፕላስቲኩ ስለሚለሰልስ መስታወቱን አይጭርም።