ሐኪሙ ወዴት ነው የሚያየው?

እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የአንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ሥዕል ይዞ ወጥቶ ነበር። ሥዕሉ በቀለም እርሳስ የተሣለ ሲሆን ሕፃኗ ሐኪም ዘንድ የሄደችበትን ቀን ያሳያል። እርሷ በመመርመሪያው አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤተሰቦቿም በክፍሉ ውስጥ አሉ። ሐኪሙ ግን ጀርባውን ሰጥቷቸው ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሯል። ስለ ሥዕሉ የጻፉት ዶክተር ኤሊዛቤት ቶል ለጽሑፋቸው «የቴክኖሎጂ ዋጋ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ሰጡት።

ውድ አንባብያን፣ ሕፃን ያየውን ይሥላል። ለመሆኑ ሐኪሙ ፊቱን ከሕመምተኛው ያዞረው ለምንድን ነው? ርኅራኄ ጎድሎት ነውን? ወይስ ሥራውን ጠልቶ? ነገሩን ቀረብ ብለን ስናጤነው የችግሩ ምንጭ የሐኪሙ ጠባይ ሳይሆን የተጫነበት የጽሕፈት ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሸክም ከየት እንደመጣ፣ ለማቃለል ምን እንደተደረገና ለእኛ ምን ትምህርት እንዳለው በአጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገብ ለምን ይጻፋል?

የሕክምና መዝገብ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን ይመሩ የነበሩት ታላቁ ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ የሕመምተኞቻቸውን ሁኔታ እየመዘገቡ ያስቀምጡ ነበር። ከሞቱ በኋላም ማስታወሻዎቻቸው ተሰባስበው «አል-ሐዊ» የተባለው ግዙፍ የሕክምና መጽሐፍ ሆኑ።

ከእነዚህ ማስታወሻዎች አንዱ ትኩሳት እየተመላለሰ ያስቸግረው ስለነበረ ሰው ነው። ራዚ ትኩሳቱ ወይ በየአራተኛው ቀን ወደሚነሣው ዓይነት ይለወጣል፣ ወይም መነሻው የኩላሊት ቁስለት ነው ብለው ገመቱ። ብዙም ሳይቆይ በሽንቱ መግል ወጣና ነገሩ ተለየ። ራዚ ታዲያ ሰውየው ሲቆም ወገቡን ይከብደው እንደሆነ ሳይጠይቁት መቅረታቸውን ጭምር በማስታወሻቸው ላይ አስፍረውታል።

መዝገብ ማለት ይህ ነው። ሐኪሙ ያየውን፣ ያሰበውንና ያመለጠውን ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ለሕመምተኛው ደኅንነትና ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሐኪም ትምህርት ነው። ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

ኮምፒዩተሩ ሲገባ

በ2008 በአሜሪካ ከአሥር ሆስፒታሎች አንዱ እንኳ መሠረታዊ የሚባል የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ አልነበረውም። በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት ግን መንግሥት መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር ለሚያዛውሩ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች የማበረታቻ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። የወጣው ገንዘብ በጠቅላላው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2015 ከአሥር ሆስፒታሎች ከስምንት የሚበልጡት መዝገቡን አስገብተው ነበር።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ቀረ። ካርድ ጠፋ ማለት ቀረ። የላቦራቶሪ ውጤት ከሩቅ ይታያል፤ ሁለት የማይስማሙ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙም መሣሪያው ያስጠነቅቃል። ወደ ወረቀቱ እንመለስ የሚል አስተዋይ ሰው የለም።

ችግሩ ሌላ ነው። በመዝገቡ ላይ ከሕመምተኛው በቀር ሌሎች ብዙ ባለጉዳዮች ነበሩ። በ1995 እና በ1997 በወጡት መመሪያዎች መሠረት የሐኪሙ ክፍያ የሚወሰነው ስንት ጥያቄ እንደጠየቀና ስንት የሰውነት ክፍል እንደመረመረ በጽሑፍ በመቁጠር ነበር። የኢንሹራንሱ ድርጅት ማስረጃ ይፈልጋል። ሆስፒታሉ ክስ ይፈራል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይጠብቃል። ሁሉም በየበኩላቸው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ምልክት ጨመሩ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ገጹ ይሞላና ይቆም ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን ገጹ አያልቅም።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአራት ክፍለ ግዛቶች የሚሠሩ 57 ሐኪሞችን ተከታትሎ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ከሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት የሚውለው 27 ከመቶ ብቻ ሲሆን ግማሽ ያህሉ በኮምፒዩተርና በጠረጴዛ ሥራ እንደሚያልፍ አረጋገጠ። በ2017 ደግሞ በዊስኮንሲን 142 የቤተሰብ ሐኪሞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ሐኪሞቹ በቀን ከሚሠሩባቸው 11.4 ሰዓታት 5.9ኙን መዝገቡ ላይ እንደሚያሳልፉ፣ ከዚህም ውስጥ 1.4 ሰዓቱ ከክሊኒክ ሰዓት ውጪ እንደሆነ አሳየ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ይህን የምሽት ሥራ «የፒጃማ ሰዓት» ይሉታል። የሐኪሙ ልጆች አባታቸውን ወይም እናታቸውን የሚያገኙበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ጊዜ ያጠረው ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። የትናንቱን ጽሑፍ ገልብጦ ዛሬ ላይ መለጠፍ ተለመደ። በ2018 የቀረበ አንድ ጽሑፍ የአሜሪካ ሐኪሞች ማስታወሻ ያንኑ ኮምፒዩተር ከሚጠቀሙ የሌሎች አገሮች ሐኪሞች ማስታወሻ በአማካይ አራት እጥፍ ያህል እንደሚረዝም አመልክቷል። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሸክሙ ከተለያየ ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሕይወት የምታድነው አንዲት መስመር ከተገለበጠው ክምር ውስጥ ልትሰጥም መቻሏ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

መጀመሪያ መቀነስ

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ቀላሉና ምናልባትም ብልኅነት የተሞላበት በሐዋይ ደሴቶች የተደረገው ነው። ሐዋይ ፓሲፊክ ሄልዝ የተባለው አራት ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድር ድርጅት በ2017 መጨረሻ ላይ «የማይረባውን ነገር እናስወግድ» የሚል ስም የሰጠውን ዘመቻ ጀመረ። ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ስትጽፉት ትርጉም የማይሰጣችሁ ምንድን ነው?

መልሱ ጎረፈ። አራስ ሕፃናትን የምትንከባከብ ነርስ የሽንት ጨርቅ በለወጠች ቁጥር ሕፃኑ ሽንቱን መቆጣጠር እንደማይችል ለመመዝገብ ሦስት ጊዜ መጫን ነበረባት። ሽንቱን የሚቆጣጠር አራስ የት አለ? ወደ አንድ ጊዜ ተቀነሰላት። ሌላው ደግሞ ነርሶች በየሰዓቱ ሕመምተኛውን ማየታቸውን ለማረጋገጥ የሚጫኑት ምልክት ነበር። የሚወስደው ጊዜ 24 ሴኮንድ ያህል ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ በአራቱ ሆስፒታሎች ተደምሮ ሲሰላ ግን በወር ወደ 1,700 የነርስ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ምልክቱን አነሡት፤ ሕመምተኛውን መጎብኘቱ ግን ቀጠለ።

ሁለተኛው እርምጃ የሕጉን ምንጭ ማስተካከል ነበር። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በአሜሪካ የተመላላሽ ሕመምተኞች ሐኪም የሚከፈለው የጻፈው ነጥብ ተቆጥሮ መሆኑ ቀርቶ፣ ጉዳዩ በጠየቀው የሕክምና ውሳኔ ክብደት ወይም በፈጀው ጊዜ እንዲሆን ተደረገ። በዚያው ዓመት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የጽሕፈቱን ሸክም በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ሩቡ ለማውረድ ግብ አስቀመጡ።

የሚያዳምጠው መሣሪያ

ሦስተኛው መንገድ ለሐኪሙ ጸሐፊ መስጠት ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ ከሐኪሙ ጎን የሚቀመጥ ሰው ይሠራው ነበር። አሁን ግን ሐኪሙና ሕመምተኛው ሲነጋገሩ እያዳመጠ ረቂቅ ማስታወሻ የሚያዘጋጅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። በ2023 ፐርማነንቴ የተባለው የካሊፎርኒያ የሐኪሞች ቡድን ይህን መሣሪያ ሥራ ላይ ሲያውል በመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት 3,442 ሐኪሞች ከ300,000 በሚበልጡ ቀጠሮዎች ተጠቅመውበታል። ብዙዎቹ ዓይናቸው ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ወደ ሰዉ መመለሱን መስክረዋል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐኪሙ አንድ ምርመራ ወደፊት እንዲደረግ ቀጠሮ ስለመያዝ ሲናገር መሣሪያው ምርመራው እንደተደረገ አድርጎ የጻፈበት ጊዜ አለ። ስለ አንድ ሰው እጅ፣ እግርና አፍ ሲወራ ሰምቶ፣ ሰውየው «የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ» የሚባለው ሕመም እንደተገኘበት የጻፈበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ረቂቁን ሐኪሙ አንብቦ ማረምና መፈረም አለበት። መዝገቡ አማና ነው፤ ለመሣሪያ ብቻ አይተውም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መሣሪያው የማያስፈልገውን ጽሑፍ በፍጥነት ይጽፈዋል እንጂ አስፈላጊ አያደርገውም። ከመፍጠን በፊት መቀነስ ይቀድማል።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

በሀገራችን ጤና ሚኒስቴር በ2016 «የመረጃ አብዮት» የተባለውን እቅድ ካወጣ ወዲህ ኮምፒዩተርና ታብሌት ወደ ጤና ተቋማት እየገቡ ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደሩን በወረቀት ሲሞሉ የቆዩ ሲሆን በብዙ አካባቢ ወደ ታብሌት ተሸጋግረዋል። ነገር ግን ወረቀቱ ሳይነሣ ታብሌቱ ሲጨመር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ይመጣል። ያቺ እኅት በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ የምታጠፋው ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ልትጎበኝበት የምትችለው ጊዜ ነው። በትምህርት ቤትም ቢሆን የእቅድና የሪፖርት ቅጽ ሲበዛ መምህሩ የተማሪውን ደብተር የሚያርምበት ሰዓት እንደሚያጥረው ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የተማረችውን ትምህርት እኛ በነፃ ልንወስደው እንችላለን፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይውጣ፣ ቅጹ ሲዘጋጅም የሚሞላው ሰው ይጠየቅ።

ቤተሰቦችም የሚያደርጉት አለ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን ጽፋችሁ፣ ያለፈውን ምርመራ ውጤትም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለፍለጋ የሚጠፋው ደቂቃ ለእናንተ ይተርፋል። ዋናውን ሕመማችሁን በመጀመሪያ ተናገሩ እንጂ ከበሩ ላይ ስትወጡ አታንሡት። ሐኪሙ ሲጽፍ ብታዩት እንዳልሰማችሁ አትቁጠሩት፤ ይልቁንም በትሕትና «ዶክተር፣ ምን ብለው እንደጻፉ ይነግሩኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ከ2021 ጀምሮ ሐኪም ስለ እናንተ የጻፈውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያለ ክፍያ የማንበብ መብት አላችሁ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ካሏችሁ ልጆች አንብቡላቸው፤ ስሕተት ካገኛችሁ እንዲታረም ጠይቁ። የሚያዳምጥ መሣሪያ እንዲበራ ፈቃዳችሁን ሲጠይቋችሁም ምን እንደሚቀዳና የት እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁ ተረዱ።

ለጤና ባለሙያዎችና ነገ በዚህ ሙያ ለመሰማራት ለምታስቡ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ቅጽ የማዘጋጀት ሥልጣን በእጃችሁ ሲገባ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ቆም ብላችሁ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» በሉ። ለሕመምተኛው ወይም እርሱን ለሚያክመው የሚጠቅም ከሆነ ይጻፍ። መልስ ያጣችሁለትን መስመር ግን ሰርዙት።