አረንጓዴ ሻይ በወልድያና በመርሳ፦ ከፍታ ጣዕምን እንዴት ይለውጣል?

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ይህ ቁጥር የሚሠራው በባሕር ወለል ላይ፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ የሀብሩ ወረዳ ከተማ የሆነችው መርሳ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱም ከተሞች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። የውሃው ሙቀት ጣዕሙን በእጅጉ የሚወስንለት የቻይና አረንጓዴ ሻይ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚያመች በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ሻዩን እያፈላን ፊዚክሱን እንመለከታለን።

ውሃ ለምን ቀድሞ ይፈላል?

ውሃ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ከፈሳሹ እያመለጡ ተን ይሆናሉ። የተኑ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል በውሃው ውስጥ የተን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ መፍላት ማለትም ይኸው ነው። ወደ ከፍታ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ያንሳል። የወልድያ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል፣ የመርሳው ደግሞ 82 በመቶ ያህል ነው። በግምታዊ ስሌት በየ300 ሜትሩ የመፍላት ነጥብ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ በወልድያ በ93፣ በመርሳ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ብናበረታው ትነቱ ይፋጠናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ቅጠሉ ምን ይፈልጋል?

በውሽውሽና በጉማሮ እርሻዎች የሚለማው ሻይና የቻይናው አረንጓዴ ሻይ የአንድ የተክል ዝርያ ቅጠሎች ናቸው። የሚለያያቸው ከለቀማ በኋላ ያለው ዝግጅት ነው። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ ተጨፍልቆ፣ በውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች ከኦክስጅን ጋር ተጋግዘው እንዲያጠቁሩት ይደረጋል። ለአረንጓዴ ሻይ ግን ቅጠሉ ወዲያው በሙቀት ይመታና የኤንዛይሞቹ ሥራ ይቆማል። በሃንግዡ ከተማ አካባቢ የሚመረተው ዝነኛው ሎንግጂንግ በጋለ ምጣድ ላይ እየታሸ ይደርቃል።

በዚህ ምክንያት ካቴኪን የሚባሉት ውሕዶች በአረንጓዴው ቅጠል ውስጥ በብዛት ይቀራሉ። እነዚህ ውሕዶች መራራ ከመሆናቸውም በላይ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቁ፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው አፍን ያደርቃሉ። ለስለስ ያለውን ጣዕም የሚሰጠው ቲያኒን ግን በአነስተኛ ሙቀትም በቀላሉ ይሟሟል። ውሃው በጋለ ቁጥር የካቴኪኑ ድርሻ ስለሚያይል፣ ለዚህ ሻይ በተለምዶ የሚመከረው 80 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የወልድያ የፈላ ውሃም ቢሆን ለቅጠሉ ይበዛበታል።

ያለ ቴርሞሜትር 80 ዲግሪን ማግኘት

ትኩስና ቀዝቃዛ ውሃ ሲደባለቁ አንዱ የሰጠውን ሙቀት ሌላው ይቀበላል። በወልድያ 93 ዲግሪ የሆነ 5 ብርጭቆ የፈላ ውሃ 20 ዲግሪ ከሆነ 1 ብርጭቆ ውሃ ጋር ብናደባልቅ፦ (5 × 93 + 20) ÷ 6 = 81 ገደማ። በመርሳ የፈላው ውሃም ቀዝቃዛውም ሞቅ ያሉ ስለሆኑ 4 ለ1 ይበቃል፦ (4 × 95 + 25) ÷ 5 = 81። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ብቻውን በርካታ ዲግሪዎችን ሊወስድ ስለሚችል አስቀድሞ በሙቅ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

እዚህ ላይ ከጣዕም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የምንጨምረው ቀዝቃዛ ውሃ ያልታከመ ከሆነ 81 ዲግሪ ላይ ደርሶ ወዲያው መቀዝቀዝ ስለሚጀምር፣ ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን ይኖርበታል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ውሃ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ግን ለ3 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ እንዲፈላ ይመክራል። በዚህ መሠረት ለመርሳ 1 ደቂቃ ሲበቃ ለወልድያ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አቀማመስ

በአንድ ብርጭቆ ውሃ 3 ግራም ያህል ቅጠል ጨምረን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እንጠብቅ። ደረቁ ቅጠል መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ አየሩ ሲወጣለት እፍግታው ይጨምርና ይሰጥማል። ስኳርም ሆነ ቀረፋ አንጨምርበት። ከአየር ጋር ፉት ስንለው ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ሎንግጂንግ የተቆላ ባቄላን የሚያስታውስ መዓዛ አለው። ጎን ለጎን ሌላ ብርጭቆ በፈላ ውሃ፣ በእኩል ቅጠልና በእኩል ጊዜ ብናዘጋጅ የሙቀቱን ውጤት ምላሳችን ራሱ ይመሰክራል።

ቴርሞሜትር ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ ስሌቱን ገልብጠው ሊሠሩበት ይችላሉ። ውሃቸው በ94 ዲግሪ ከፈላ ከ100 የጎደለው 6 ነው፤ በ300 ሲባዛ 1,800 ሜትር ይሆናል። ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ፣ እግረ መንገዱን፣ የከተማን ከፍታ ይለካል።