ሮም በኩንታል

በደቡብ ሮም፣ ቴስታቾ በሚባለው ሰፈር፣ 35 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። ሣርና ቁጥቋጦ ስለሸፈነው ከሩቅ ላየው የተፈጥሮ ጉብታ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ሣር ያልሸፈነውን ጎኑን ለተመለከተ ግን ከሥር እስከ አናቱ የተሰባበረ ሸክላ ነው፤ ገል በገል ላይ። ዙሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እንደሚገምቱት እዚህ የተከመረው የ53 ሚሊዮን ጋን ስብርባሪ ነው።

ጋኖቹ በጥንቱ የሮማ ዘመን አብዛኞቹ ከደቡብ ስፔን፣ የቀሩት ዛሬ ሊቢያና ቱኒዚያ ከምንላቸው አገሮች የወይራ ዘይት ይዘው በመርከብ የመጡ ናቸው። አንዱ 70 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ባዶውን 30 ኪሎ ይመዝናል። ዘይት የጠጣ ሸክላ ቶሎ ስለሚሸት ለሌላ አገልግሎት አይበጅም። ስለዚህ ዘይቱ ከተገለበጠ በኋላ ጋኑ ይሰበራል፣ ገሉ በእርከን በእርከን ይደረደራል፣ ሽታውን እንዲያጠፋ ኖራ ይነሰነስበታል። አንዳንዱ ገል ላይ በቀለም የተጻፈው ዛሬም ይነበባል፦ የባዶው ጋን ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ የተጫነበት ዓመት። በየደቂቃው አንድ ጋን፣ ሌት ከቀን፣ ያለ አንዲት ደቂቃ ዕረፍት ቢጣል፣ 53 ሚሊዮኑን ለመጨረስ 100 ዓመት ይፈጃል።

ለሁለት ቀን ጉብኝት ቦርሳዋን አዝላ ቴርሚኒ ጣቢያ የምትወርድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ቴስታቾ አትደርስም። የእሷ ዝርዝር ቫቲካን፣ ፓንቴዮን፣ ትሬቪ፣ ኮሎሲየም ነው። በ1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም የምትገዛው የከተማ ትራንስፖርት ቲኬት 100 ደቂቃ ያገለግላታል፤ በየመንገዱ ከቆሙት 2,500 ያህል ቧንቧዎች ውሃ በነፃ ትጠጣለች። ከቴስታቾ ብትጀምር ግን የቀረው ሁሉ ቶሎ ይገባታል። ሮም ከሌላ አገር በተጫነ ነገር የተሠራች ከተማ ናት።

ጭነትን በቶን መናገር ለእኛ ጆሮ ብዙም ስሜት አይሰጥም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ መለኪያው ኩንታል፣ ማመላለሻው አይሱዙ ይሁን፤ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብለን እንነሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከል የቆመው የግብፅ ሐውልት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ቁመቱ 25 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 3,260 ኩንታል ያህል፤ 65 አይሱዙ ማለት ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቄሣር ካሊጉላ ትእዛዝ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ መጣ። ያመጣው መርከብ ከግዙፍነቱ የተነሣ በኋላ በቄሣር ክላውዴዎስ ዘመን በሮም ወደብ እንዲሰምጥ ተደርጎ የባሕር መብራት መሠረት ሆኗል። ሐውልቱ መጀመሪያ የቆመው ከዛሬው ቦታ 250 ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። በ1586 ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለው መሐንዲስ ይህችን አጭር መንገድ ሲያሻግረው 900 ያህል ሰው፣ 75 ፈረስና 40 የገመድ መጠምጠሚያ አሰልፎ ነበር። ማንሳት የተጀመረው ኤፕሪል 30 ቀን፣ በአዲሱ ቦታ ቀና ያለው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው። 133 ቀን ለ250 ሜትር፤ በቀን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ተማሪዋን በአቅራቢያው የቫቲካን ሙዚየሞች 7 ኪሎ ሜትር ኮሪደር ይጠብቃታል፤ ለዕይታ የቀረበው ቅርስ ብቻ 20,000 ያህል ነው። ሁሉን ለማየት መሞከር ከንቱ ድካም ይሆንባታል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ጎብኚ እንደ ልቡ በማይገባበት የአትክልት ስፍራ በኩል፣ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው በዚሁ በሮም ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ በኩንታል የማይመዘን ነገር ካለ እሱ ነው።

ፓንቴዮን በር ላይ 16 ዓምዶች ቆመዋል። እያንዳንዱ 12 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው አንድ ወጥ ግራናይት ነው፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢያቅፈው አይዳረስም። የአንዱ ክብደት 600 ኩንታል፣ 12 አይሱዙ። ግራጫዎቹ የተፈለጡት በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ ሞንስ ክላውዲያኑስ በተባለ ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ዓባይ ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ በእንጨት ሸርተቴ ተጎተቱ፤ ወንዙ ሲሞላ በጀልባ ወረዱ፤ ባሕር ተሻገሩ፤ በቲቤር ወንዝ ወደ ከተማዋ ገቡ። በግብፅ የዓባይ ሙላት ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ የሚመጣ ነው። የሮማን ዓምድ በውሃ ላይ ካንሳፈፉት ጎርፎች መካከል የጎጃምና የወሎ ሰማይ ያወረደው አለበት ማለት ነው።

ዓምዶቹን አልፎ ለገባ ከራሱ በላይ ያለው ጉልላት 43.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ቁመትም ልክ ያንኑ ያህል ነው። ክብደቱ 45,350 ኩንታል ይገመታል፤ 907 አይሱዙ። ውስጡ አንዲት ዘንግ ብረት የለም። በሥሩ በኩል ከ6 ሜትር በላይ የነበረው ውፍረት ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ አናቱ ላይ 1.2 ሜትር ይደርሳል፤ ከኮንክሪቱ ጋር የተቀላቀለው ድንጋይም ከታች ከባዱ፣ ከላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ወለሉ ላይ ይወርዳል። በብረት ያልተደገፈ የኮንክሪት ጉልላት በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ይህ ከተሠራ 1,900 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ትሬቪ ፏፏቴ ዘንድ ሰው የሚሰበሰበው ለፎቶና ሳንቲም ለመወርወር ነው። በ2016 ብቻ ከገንዳው የተለቀመው ሳንቲም 1.4 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሆኖ ለበጎ አድራጎት ውሏል። የሚደንቀው ግን ውሃው ነው። የሮማው የጦር አዛዥ አግሪጳ በ19 ዓመተ ዓለም ያስገባው የውሃ መስመር ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፣ አብዛኛው በመሬት ውስጥ ያልፋል፤ ከምንጩ እስከ ከተማው ያለው ቁልቁለት 4 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ሲከፋፈል በየ10 ሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ያን ዘመን ለዚህ ሥራ የሚታወቀው የቀያሾች መሣሪያ 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ላይ ውሃ የሚሞላበት ቦይ የተቆፈረለት የእንጨት ጠረጴዛ ነበር። ውሃው የቦዩን ከንፈር እኩል ከነካ መሣሪያው ልክ አግድም ቆሟል ማለት ነው። በዚህ ተለክቶ ውሃው አንድም ቦታ ሳይቆም ደረሰ፤ የዛሬው መስመርም ከዚያ የወረሰውን ምንጭ እስካሁን ያመጣል።

ኮሎሲየም በጣም የታወቀ ስለሆነ ብዙ አያስቆምም። ከ72 እስከ 80 ባሉት 8 ዓመታት 100 ሺህ ሜትር ኩብ የተጠረበ ድንጋይ ገብቶበታል። ከታች ካሉት 80 በሮች 76ቱ ቁጥር ነበራቸው፤ ተመልካቹ በእጁ ባለው ቁጥር የራሱን በር ፈልጎ ይገባ ነበር። ድንጋዮቹን እርስ በርስ ያያዘው ብረት 3,000 ኩንታል ይገመታል። ዛሬ ግድግዳውን የሞሉት ጡጫ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ብረቱ በመካከለኛው ዘመን እየተፈለፈለ የተወሰደባቸው ናቸው።

ከዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ተጉዞ ፖርታ ካፔና የተባለ አደባባይ ይገኛል። ሮም ውስጥ ዛሬ እንደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባዩ ያሉ 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ቆመዋል፤ 8ቱ ከግብፅ የመጡ፣ 5ቱ በሮማውያን የተሠሩ ናቸው። ትልቁ በላተራን ያለው ሲሆን በ357 ሲገባ 4,550 ኩንታል ይመዝን ነበር ይባላል። ለ66 ዓመታት ግን ቁጥሩ 14 ነበር። የአክሱም ሐውልት፣ 24 ሜትር ቁመት፣ 1,600 ኩንታል፣ 32 አይሱዙ፣ አምስት ቦታ ተቆራርጦ በመርከብ ኔፕልስ ከደረሰ በኋላ በኦክቶበር 1937 እዚህ ተተከለ። ፊት ለፊቱ የነበረው የጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ሕንፃ በኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ የተነሣው የኦሊምፒክ ማራቶን በዚህ አለፈ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሲሮጥ ቆይቶ፣ ፍጥነት የጨመረው በሐውልቱ አካባቢ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ፤ በአማካይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ከተከታዩ ጋር የነበረው ልዩነት 25.4 ሰከንድ ደረሰ።

የ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ውሉ ከጸና በኋላ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። ውሉ የጸናው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1947 ነው። የመጀመሪያው የሐውልቱ ክፍል አክሱም የደረሰው ኤፕሪል 19 ቀን 2005 ነው። 691 ወር። ለመመለስ በሦስት የተከፈለው ሐውልት በሦስት በረራ፣ በሰባት ቀን ጊዜ ውስጥ፣ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን ገባ፤ ሐውልቱ ተተክሎ የተመረቀው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2008 ነው። እዚያው መስክ ላይ የወደቀው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ደግሞ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 5,200 ኩንታል ይገመታል፤ ከላተራኑም ይበልጣል። 104 አይሱዙ ይሆናል፤ ሮምም ሳትጭነው ቀርታለች።