ሐኪም ባል እያላት ሌላ ሐኪም ጋ ሄደች

ዛሬ የማወራችሁ የታካሚ ታሪክ ሳይሆን የራሴን ነው። ባለቤቴን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።

አምና ክረምት ላይ የቤት ኪራይ ውል ስፈልግ መሳቢያ ውስጥ የጡት አልትራሳውንድ ውጤት አገኘሁ። ስሙ የባለቤቴ፣ ቀኑ ከአራት ወር በፊት። እጄ እየተንቀጠቀጠ አነበብኩት። ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ ካንሰር ያልሆነ እብጠት። እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ግን አፈርኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ሳትል "ሁለት ቀን ጠብቄህ ነበር። አንዱን ቀን ተረኛ ነበርክ፣ በሁለተኛው ጫማህን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ተኛህ" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ የግል ክሊኒክ፣ በየአራት ቀኑ የሌሊት ተረኛ። ሳምንቱ ከ70 ሰዓት በላይ ነው። "ለቤቱ ብዬ ነው" እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም፣ ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ታውቁታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። ይህንን ለታካሚዎቼ ስናገር ኖሬያለሁ። ለራሴ ግን አልሰማሁትም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ የሌላው ስሜትም በቀላሉ አይገባውም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ይህንን "ጠልቶኛል" ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ ጊዜ ጥላቻ ሳይሆን ድካም ነው። ግን ሳይነገር ከቆየ ልዩነቱ ይጠፋል።

የክሊኒኩን ሁለት ምሽት ተውኩ። ገቢያችን ቀነሰ፣ መኪና የመግዛቱን ሐሳብ አቆየነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የምናወራው ነገር አጣን። ቁጭ ብለን ስለ ዘይት ዋጋ ነበር የምናወራው።

ለክትትሉ አብረን ሄድን። ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠበቅን፤ የዓመቱን ወሬ ሁሉ እዚያ ነገረችኝ። እብጠቱ አልጨመረም።

እህቶች፣ ጡታችሁ ላይ አዲስ እብጠት ካያችሁ፣ ባያማችሁም እንኳ ቶሎ ታዩ። ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማታ መልስ አትጠብቁ እንጂ።