ከራስ ቅል እስከ ሌባ ጣት

በጌዴኦ የቡና ለቀማ ሲደርስ ትልቁ ሥራ የሁለት ጣት ሥራ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀዩን እሸት ይዘው ጠምዘዝ ያደርጉታል፤ ጥሬው ከዘለላው ላይ ይቀራል። እስኪ ሁለቱን ጣቶች አጥብቀው ያጋጥሙ፤ በመካከላቸው እብጥ የምትል ሥጋ አለች። የሰው አንጎል እንዴት እንደሚማር የሚያጠኑ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የመለኪያ ሽቦ የሚለጥፉት በዚህች ጡንቻ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በውሻ ነው። በ1870 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፍሪችና ሂትሲግ የተባሉ ሐኪሞች በርሊን ውስጥ የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ ነካ ሲያደርጉ በተቃራኒው በኩል ያለው እግር ተንቀሳቀሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ባርቶሎው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የራስ ቅሏ በካንሰር በተበላ ሴት አንጎል ውስጥ መርፌ ሰክቶ ሙከራውን ደገመው። ሴትዮዋ በቀናት ውስጥ ሞተች፤ ታሪኩ ዛሬም ሲነሳ ያሳፍራል። በ1930ዎቹ ፔንፊልድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ ነቅተው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች አንጎል እየነካካ ካርታ ሠራ። በካርታው ላይ እጅና ከንፈር ሰፊ ርስት ሲይዙ ጀርባ ጥግ ላይ ተወሽቋል።

ጤነኛ ሰው ግን ለጥናት ተብሎ ጭንቅላቱ አይከፈትም። ሜርተንና ሞርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ቅሉን ሳይከፍቱ በኤሌክትሪክ ሞከሩት፤ ሠራ፣ ግን ያማል። መፍትሔው በ1985 ከሼፊልድ መጣ። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ጭንቅላት ላይ አስጠግተው ብርቱ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ለቀቁበት። የተፈጠረው የማግኔት ኃይል አጥንቱን ያለ ሕመም አልፎ ከሥሩ ባለው አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሰከንድ ሃምሳኛ እጅ በኋላ ጣት ብድግ ይላል። ባለቤቱ ሳያዝዘው!

ይህ የጣት ዝላይ ከልምምድ በፊትና በኋላ ሲለካ የአንጎል ለውጥ ይታያል። በ1995 ፓስኳል ሊዮንና ጓዶቹ ፒያኖ የማያውቁ ሰዎችን ለ5 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት አለማመዱ፤ የጣቶቹ ግዛት በአንጎል ካርታ ላይ ሰፋ። በሐሳባቸው ብቻ የተለማመዱትም ተመሳሳይ ለውጥ አሳዩ። እኔ ግን የምወደው የ1998ቱን የክላሰንን ሙከራ ነው። ማሽኑ ሲተኮስ አውራ ጣት በአንድ አቅጣጫ ይዘላል። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ያህል ጣቱን በተቃራኒው አቅጣጫ ሲያንቀሳቅስ ይቆያል። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ሲተኮስ ጣቱ ወደ ተለማመደበት ይዘላል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ተመራማሪዎቹ መለካት አልበቃቸው አለና ለውጡን ራሳቸው ለመፍጠር ተነሱ። በ2000 የሮስቶክ ቡድን የእጅን ነርቭ ቀስቅሶ ከ25 ሚሊሰከንድ በኋላ አንጎሉን እየመታ 90 ጊዜ ደጋገመው፤ የእጅ ጡንቻ ምላሽ ጨመረ። በዚያው ዓመት ኒትሼና ፓውሉስ በ1 ሚሊአምፔር ደካማ ኤሌክትሪክ ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። በ2005 ደግሞ ከለንደን የ40 ሰከንድ የማግኔት ምት የአንጎሉን ምላሽ እስከ አንድ ሰዓት እንደሚያዳክም ተሰማ። መስኩ ሞቅ አለ።

ቀዝቃዛውን ውኃ የቸለሰው ሐማዳ የተባለ ተመራማሪ ነው። በ2013 እሱና ባልደረቦቹ የለንደኑን ዘዴ በ52 ሰዎች ላይ ሞክረው አማካዩን ሲያወጡ ውጤቱ ባዶ ሆነ፤ የአንዱ ሲጨምር የሌላው ይቀንሳል። ዕድሜ፣ ዘረመል፣ ጡንቻው ቀደም ብሎ ሲሠራበት የነበረው ነገር ሁሉ ጣልቃ ይገባል። ጥቅሉ ከአንጎል በራቀ ቁጥር ኃይሉ ይደክማልና በሹሩባ የተጎነጎነ ጠጉር እንኳ ልዩነት ያመጣል፤ ይህን ደግሞ መሣሪያውን የቀረጹት ሰዎች ያሰቡበት አይመስለኝም።

በሕክምናም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በስትሮክ እጃቸው የሰነፈ ወደ 200 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እውነተኛውን ማግኔት ከይስሙላው ጋር አወዳደረ። የሁለቱም ወገን እጅ ተሻሻለ፤ ማግኔቱ ብልጫ አላሳየም። ሁለቱም ወገኖች እጃቸውን በባለሙያ እየታገዙ ሲያሠሩ ነበር። ዲላ ላይ ለስትሮክ ታማሚ ቤተሰብ የምለው ቢኖር ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ የለም ብላችሁ እጁን አታስቀምጡት።

ማሽኑ ለአፍሪካ ጥቅም የሰጠው በሌላ በኩል ነው። በኮንጎ በቅጡ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ የሚያመጣውን ኮንዞ የተባለ የእግር ሽባነት ያጠኑ ሐኪሞች በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ በብዙዎቹ ታማሚዎች አንጎሉ በማግኔት ሲመታ ጡንቻው ምንም ምላሽ አልሰጠም። የትእዛዙ መንገድ የተበላሸው ከላይ፣ ከአንጎል በሚወርደው መስመር ነው። በደንቢያና በፎገራ ጓያ የሚያመጣው የእግር ሽባነትም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከካርታው ገና ያልተነካ ብዙ አለ። የሚለካው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንሰት የፋቀች የጌዴኦ እናት አካል ሌላ ትምህርት ቤት ውሏል። መሬት ላይ ተቀምጣ ቅርፊቱን በአንድ እግሯ ጣውላው ላይ ትጫናለች፤ በእጇ ደግሞ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። እግሯ እንደ ሦስተኛ እጅ ነው። የእግር ግዛት ግን በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ጠልቆ የተሸሸገ ስለሆነ ለእጅ የሚበቃው የሽቦ ጥቅል በቀላሉ አይደርስበትም።