የነቃና የተሸረፈ፦ ልጆች አኳሪየም ሲሠሩ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትዳርና ስለ ወዳጅነት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ብርሌው ስለራሱ፣ ማለትም ስለ መስታወት ነው። በእኛ ልጅነት በአንድ ቤት የሚገኘው መስታወት ብርሌው፣ የፋኖሱ ብርጭቆና የፊት መስተዋቱ ብቻ ነበር። ዛሬ በሩ፣ መስኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ ቁም ሣጥኑ ሁሉ መስታወት ሆኗል። አሁን ደግሞ ልጆቹ በስልካቸው ያዩትን አኳሪየም ራሳችን እንሥራ ብለው ይነሣሉ።

የልጅ ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ክረምቱን ሮብ ገበያ እኔ ዘንድ ሊያሳልፍ መጥቶ፣ መስኮት ካስቀየሩ ጎረቤቶች የተረፈ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ለምኖ ሰበሰበ። «እማማ፣ ከኋላው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ቧንቧ ላስገባበት» አለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ግን ቀዳዳ የሚበሳበትን ቦታ አልነበረም። የመስታወቱን ጠርዝ ነበር ያየሁት፤ በሦስት ቦታ ተሸርፏል።

ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው መስታወትን በጣቱ ያውቀዋል። የመርፌ መድኃኒት የሚመጣበትን አምፑል ስንከፍት አንገቱን በትንሽዬዋ መጋዝ አንድ ጊዜ ጫር እናደርገውና በጎዝ ይዘን ቀጭ እናደርገዋለን። ጭረቷ በዓይን የማትታይ ያህል ናት፤ መስታወቱ ግን ሌላ ቦታ አይሰበርም፣ እሷን ተከትሎ ይከፈላል። መስታወት ቆራጩ በአልማዝ ጫፍ መስመር አስምሮ ሲሰብርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መስታወት ሲጫኑት ብዙ ይችላል፤ ሲለጠጥና ሲጎብጥ ግን ደካማ ነው። ጉልበቱ ሁሉ በጭረቱ ጫፍ ላይ ይከማችና እዚያው ይከፍተዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ግሪፊዝ ይህን በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በስሌት አስረድቷል። የእኛ ተረት ግን ሳይሰላ ቀድሞ ደርሶበታል።

ስለዚህ «ነቃ» እና «ተሸረፈ» የሚሉትን ቃላት እንለይ። የነቃ ማለት መስመር ገብቶበታል፣ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ሄዷል ማለት ነው። የተሸረፈ ማለት ደግሞ ከጠርዙ እንደ ዛጎል ቅርፊት ብጣሪ ተነሥቶለታል፣ ሌላው ደህና ነው ማለት ነው። የተሸረፈ ሊታረም ይችላል። የነቃ ለአኳሪየም አይሆንም፤ በዚህ ላይ ከተረቱ ጋር አልከራከርም። ውሃ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ገብቶ መስታወቱን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። ዛሬ ሞልተን «ያዘ» ያልነው ገንዳ በወሩ ሌሊት ሊፈነዳ የሚችለው ለዚህ ነው።

ክብደቱን አስቡት። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል፤ 63 ሊትር ውሃ 63 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመርበት ወደ ኩንታል ይጠጋል። ሕፃን ድክ ድክ በሚልበት ሳሎን፣ ከአጠገቡ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በተዘረጋበት ቦታ ይህ ሁሉ ቢዘረገፍ ምን እንደሚሆን ለወላጅ መናገር አያስፈልግም።

ወደ መብሳቱ እንምጣ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መስታወቱ ቴምፐርድ ነው ወይስ ተራ የሚለው ነው። ቴምፐርድ የሚባለው በእሳት ጠንክሮ የወጣው ነው፤ እንደ መኪና የጎን መስኮት ሲሰበር እንደ ጥራጥሬ ይበተናል። ቀዳዳ የሚበሳለት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከመጠንከሩ በፊት ብቻ ነው። በኋላ መሰርሰሪያ ከነካው እጅ ላይ ይፈነዳል። ፋብሪካ ከሠራቸው አኳሪየሞች ብዙዎቹ ወለላቸው ቴምፐርድ ነው። የጠረጴዛ ልባስም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ተራ መሆኑ ያልተረጋገጠ መስታወት አይበሳ።

መሰርሰሪያው የግድግዳ አይደለም። አፉ ዙሪያውን የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት ክብ ቱቦ ነው፤ አይቆርጥም፣ እየፈጨ ነው የሚገባው። መጠኑን ለማወቅ ቧንቧውን የሚይዘው፣ ከሁለት ወገን በጎሚኒ የሚታሰረው መገጣጠሚያ አስቀድሞ ይገዛ። ከቀዳዳው እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይራቅ፤ የበለጠ ቢርቅ የተሻለ ነው።

መስታወቱ እንጨት ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ በደንብ ይረፍ። በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በሊጥ ወይም በጭቃ ትንሽ ግድብ ሠርቶ ውሃ መያዝ ነው፤ ሊጡ የልጅ ልጄ ሳይሆን የእኔ ሐሳብ ነው። ውሃው መስታወቱን ያቀዘቅዛል፣ ብናኙም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያስቀራል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ስለማይሆኑ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ይመረጣል። ፍጥነቱ ዝግ ይበል፤ እጅ አይጫን፣ የድሪሉ ክብደት ራሱ ይበቃል። ሊያልፍ ሲል ደግሞ ከቀድሞውም ማቅለል ነው፤ በብዛት የሚሸረፈው በወዲያኛው ፊት፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ከሥሩ ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ልጅ ይቸኩላል፣ ስለዚህ አዋቂ አጠገቡ ይቁም። የዓይን መነጽር ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ቀዳዳው የት ይሁን ለሚለው የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ከላይ፣ ከውሃው ወለል አጠገብ። ከታች የተበሳ ገንዳ ጎሚኒው ካፈሰሰ እስከ መጨረሻው ይፈስሳል። ከላይ የተበሳው ግን እስከ ቀዳዳው ድረስ ብቻ ቀንሶ ይቆማል። ውሃው ወርዶ ከሥር ባለ ሌላ ገንዳ ተጣርቶ በፓምፕ የሚመለስ ከሆነም መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ከቀዳዳው በላይ ያለው ውሃና በቧንቧው ያለው ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ገንዳ ያንን የሚይዝ ባዶ ቦታ ከሌለው ሳሎኑ ይጥለቀለቃል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ይህ የግድ መታሰብ አለበት። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ሦስት ዓሣ ቀዳዳም ቧንቧም አያስፈልግም። ከጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማጣሪያና በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ መቀየር ይበቃል። ለልጅ ልጄ ይህን ብዬው ነበር። አልሰማኝም፤ መብሳቱን ነበር የወደደው።

አሁን ስለ ሽርፉ። ጠርዝ በጣት አይዳሰስም። ጥጥ ወስዳችሁ በጠርዙ ላይ ጎተት አድርጉት፤ ክሩ የተያዘበት ቦታ ስለት አለ። የብርሌና የብርጭቆ አፍም እንዲሁ ይፈተሻል፤ ጥጥ የያዘ ብርጭቆ ለከንፈር አይቀርብም፣ ይጣላል። ለአኳሪየሙ መስታወት ግን ሽርፉን በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ከእሱ የሚነሣ ቀጭን መስመር ወደ መስታወቱ ሆድ ከሄደ ነቅቷል፤ ይወገድ። መስመር ከሌለው በጥቁሩ፣ ውሃ በሚችለው ብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፤ መጀመሪያ በ220 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ400። (ስሙን ያገኘው በጥንት ጊዜ የተፈጨ ብርጭቆ በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ይሠራ ስለነበር ነው፤ መስታወትን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ስንል ያስቃል።) ሁልጊዜ እየተረጠበ፣ በጠርዙ ርዝመት ነው የሚታሸው። በደረቁ አይሞከር። ጥልቅ የሆነ፣ ወይም ሁለቱ መስታወቶች በሲሊኮን በሚጣበቁበት መስመር ላይ የዋለ ሽርፍ ሲገኝ ያንን ወገን አስቆርጦ ማሳጠር ይሻላል። የልጅ ልጄን ከሦስቱ ሽርፎች ሁለቱን አሞረድነው፤ ሦስተኛው ነቅቶ ነበርና መስታወት ቆራጩ «ሲስተር፣ ይኸ እንኳ ለመስኮትም አይሆን» ብሎ ቆርጦ ጣለው።

ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ እሱ ዓሣ ይገድላል። እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ገንዳው በረንዳ ላይ ተሞልቶ፣ ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ ተነጥፎ ለአንድ ሳምንት ይታይ። ዓሣ ሳይገባ ማለቴ ነው።

ቢቆርጥስ? ለደም ማቆሚያ ቡና መነስነስ ይቅር፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪሙም የተሰበረውን መስታወት ይደብቅበታል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳታቋርጡ ዐሥር ደቂቃ ተጫኑት፤ እጁን ከፍ አድርጉት። ጠልቆ የተሰካ መስታወት ካለ አትንቀሉት፤ ዙሪያውን ደግፋችሁ እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ የተቆረጠውን ጣት ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው፣ ወይም ጫፉ ከደነዘዘው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፤ በዚያው ቀን ይታይ። «ውስጡ የቀረ ነገር አለ» ካለ እመኑት። መስታወት አብዛኛውን ጊዜ በራጅ ይታያልና ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ትርጉም አለው።

መንጋጋ ቆልፍንም አትርሱ። «በሕፃንነቱ ተከትቧል» የሚለው ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በቂ መልስ አይደለም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የተሰጡት ክትባቶች ጉልበታቸው ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል። አፈር ወይም የከብት እበት የነካው ቁስል ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል፤ የሕፃንነቱ ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌለም ያለ ካርድ ሂዱ።